ኬሞው አልቆ ድካሙ ለምን ቀረ? ከኦቫሪ ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመጨረሻዋ ኬሞ ስታልቅ ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ዳቦ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይባላል። ደስታው ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ወራት ግን የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

የኦቫሪ ካንሰር የሚባለው እንቁላል በሚያመነጩት ሁለት እጢዎችና በአካባቢያቸው የሚነሳው ነው። ሕክምናው ቀላል አይደለም። ብዙውን ጊዜ ትልቅ የሆድ ኦፕራሲዮን አለው። ሁለቱ ኦቫሪዎች፣ ቱቦዎቹ፣ ማህፀኑና ሞራው ይወጣሉ። አዎ፣ በግ ሲታረድ የምናውቀው ዓይነት ሞራ ሰው ሆድ ውስጥም አለ፤ ይህ ካንሰር ደግሞ እዚያ ላይ መሰራጨት ይወዳል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይም በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለቱም በኩል፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። የተለመደው በየሶስት ሳምንቱ ስድስት ዙር ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈች ሴት ከሁለት ወገን ምክር ይዘንብባታል። አንዱ «ድነሻል፣ ተነሺ» ይላታል። ሌላው «አንቺ ገና በሽተኛ ነሽ፣ ተኚ» ይላታል። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ሁለቱም ግን ልክ አይደለም።

«ኬሞ ካለቀ በአንድ ወር ውስጥ እንደ ድሮዋ ትሆናለች»

አትሆንም። ከካንሰርና ከሕክምናው የሚመጣ ድካም ሥራ ከዋለ ሰው ድካም ይለያል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ጠዋት ስትነሳ እንዳልተኛ ሰው ናት። ፀጉሯን ማበጠር እንኳ አንድ ሥራ ይሆንባታል። ይህ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከዓመት በላይ የሚቆይባቸውም አሉ።

ችግሩን የሚያባብሰው መልኳ ነው። ኬሞ ካቆመ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ገደማ ፀጉር መብቀል ይጀምራል። ፊቷ ወዝ ያገኛል። ያኔ ቤተሰቡ «እንዲያውም አምሮባታል» ብሎ ይዝናናል። ሲያግዝ የነበረው እህት ወንድም ወደየሥራው ይመለሳል። ልጆች ምሳቸውን ከእሷ መጠበቅ ይጀምራሉ። እሷ ደግሞ «ድኜ ሳለ ምን ሆኜ ነው?» እያለች ራሷን ሰነፍ ታደርጋለች። ስንፍና አይደለም። እገዛው ካላስቸገረ ኬሞው ካለቀ በኋላም ጥቂት ወራት ይቀጥል።

«መድኃኒቱ ዕረፍት ብቻ ነው፤ ከአልጋ አትውረድ»

በጣም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተኛ ጡንቻ በፍጥነት ይሟሽሻል። ጡንቻ ሲሟሽሽ ትንሿ ሥራም ታደክማለች፤ ስትደክም እንደገና ትተኛለች፤ እንዲህ እያለ ይዞራል። ለዚህ ድካም በተደጋጋሚ ተጠንቶ ከሁሉ የተሻለ ውጤት የታየበት ነገር የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ለደከመ ሰው ሩጫ?» ይላል። ሩጫ ያለ የለም።

እስከ ሰፈሩ ሱቅ ደርሶ መመለስ በቂ ጅማሮ ነው። አምስት ወይም አስር ደቂቃ። ሳምንቱን ከለመደችው ትንሽ ትጨምርበታለች። ሰፈሩ ዳገት ከሆነ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትም ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅባት ምንም አይደለም።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛ፣ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል፣ ሐኪሙ ካለም ከዚያ በላይ፣ ከባድ ነገር አይነሳም። የ20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ልጅ ማዘልም ይቆይ። ስፌቱ ከላይ ደረቀ ማለት ውስጡ ጠንክሯል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ደህና ቀን ሲገኝ የሳምንቱን ልብስ ሁሉ አጥቦ ሶስት ቀን መውደቅ አለ። የተሻለው መንገድ ጉልበት በሚኖርበት ሰዓት አንድ ዋና ነገር መሥራት፣ ከዚያ ሳይደክሙ በፊት አረፍ ማለት ነው። የቀን እንቅልፍም ከግማሽ ሰዓት ብዙ ባይበልጥ የሌሊቱን አይሻማም።

ስለ ጠያቂም ላንሳ። አንዲት የማውቃት እናት ኬሞ ከጨረሱ በኋላ ቤታቸው ሰው አይጠፋም ነበር። ሰው በገባ ቁጥር ነጠላቸውን አጣፍተው ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ተጋድሞ እንግዳ መቀበል ነውር ነዋ! ጠያቂው «ለእኔ ብላችሁ ቡና እንዳታፈሉ፣ አሁን ልሄድ ነው» እያለ በረካው እስኪወጣ ይቀመጣል። እሱ ተሸኝቶ ሲወጣ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር ወደ መኝታ የሚሄዱት። በኋላ ልጃቸው መላ ዘየደች። ጠያቂ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ሆነ። የተቀየመ ዘመድ አልጠፋም፤ እናትየው ግን እራት ቁጭ ብለው መብላት ጀመሩ።

«ቀይ ስር ከጠጣች ደሟ ይተካል»

ቀይ ስር ጥሩ አትክልት ነው። ቀለሙ ግን ደም አያደርገውም፤ ያለው አይረን ትንሽ ነው። ሽንትን ሲያቀላ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ያመጣል።

ደም ማነስ በእርግጥ አንዱ የድካም መንስኤ ነው። ከኬሞ በኋላ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ የአይረን እጥረት አይደለም። መድኃኒቱ ደም የሚመረትበትን መቅኔ ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ ከፋርማሲ የአይረን ክኒን ገዝቶ ከመዋጥ በፊት ደም ይመርመር። እጥረቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ሥጋና ጉበት፣ በጾም ቀን ምስርና ሽሮ ይረዳሉ። ምስሩ ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ወይም ከቃሪያና ቲማቲም ጋር ቢበላ አይረኑ የበለጠ ይገባል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረኑ እንዳይገባ ያግዳሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግዩ።

ጾምን በተመለከተ፣ ነፍስ አባትን ማነጋገር ነው። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች። በእስልምናም ሕመምተኛ ረመዳንን እንዲጾም አይገደድም። የምትጾም ከሆነ ቢያንስ እህልና ጥራጥሬውን አታጉድል፤ ሰውነቷ ሊጠገን የሚችለው በፕሮቲን ነው። «ስኳር ካንሰርን ይመግባል» ተብሎ ማር፣ ፍራፍሬና እንጀራ ሁሉ የተከለከለባት ሴት ደግሞ የምትከሳው በከንቱ ነው። የትኛውም ሴል ስኳር ይጠቀማል፤ ምግብ ላይ ስኳር ስለተከለከለ ካንሰሩ ተለይቶ አይራብም።

«የሚያልባት ምች መቷት ነው»

በድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀት፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ብርድ። ሌሊት አንሶላ እስከመቀየር ያደርሳል። ቤተሰቡ ዳማከሴ ፍለጋ ይሮጣል። ምች አይደለም። ሁለቱም ኦቫሪ ሲወጣ፣ ገና ያላረጠች ሴት በአንድ ቀን ታርጣለች። በተፈጥሮ ቢሆን ዓመታት የሚወስደው ለውጥ ነው። ለዚህ ነው የ38 ዓመቷ ሴት ከእናቷ የባሰ የሚያልባት። እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ ስሜቷ ይዋዥቃል፣ መገጣጠሚያዋን ያማታል። ድካሙ ከየት መጣ ለሚል፣ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው።

መፍትሔ አለው። ሆርሞን የሌላቸው መድኃኒቶች አሉ። ሆርሞን መተካትም ለአንዳንዶቹ ይቻላል፣ ለአንዳንዶቹ አይቻልም፤ የካንሰሩን ዓይነት የሚያውቀው ሐኪም ይወስን። በለጋ ዕድሜ ያረጠች ሴት አጥንቷ ቶሎ ይሳሳል። ስለዚህ በእግር መሄድ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ለእሷ ትርፍ ነገር አይደሉም።

«በግንኙነት ወደ ባሏ ይተላለፋል»

አይተላለፍም። ከኦፕራሲዮን በኋላ የውስጡ ቁስል እስኪድን በአብዛኛው ስድስት ሳምንት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ ሐኪም አይቶ ሲፈቅድ መቀጠል ይቻላል። ድርቀት ይኖራል፤ ፋርማሲ ውስጥ ማለስለሻ ጄል ይሸጣል። ብዙ ባሎች የሚርቁት «አሳምማታለሁ» ብለው ፈርተው ነው። እሷ ደግሞ «ጠላኝ» ብላ ትተረጉመዋለች። ሁለቱም ዝም ሲሉ ዓመት ያልፋል።

«እግሯ የደነዘዘው ብርድ ገብቶት ነው፤ በሙቅ ውሃ ይዘፍዘፍ»

ይህ አደገኛ ነው። ፓክሊታክሴል የእጅና የእግር ነርቭን ይጎዳል። መደንዘዝ፣ መርፌ መርፌ ማለት፣ አንዳንዴም ማቃጠል ይመጣል። እግሯ ካልተሰማው ውሃው ምን ያህል እንደሚፋጅ በምን ታውቃለች? የተቃጠለ እግር ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ ይመጣል። ውሃውን በክርኗ ትለካው፣ ወይም ሌላ ሰው ይንካላት።

ምጣድም እንዲሁ። ለዓመታት በጣቷ ጫፍ እንጀራ ስታወጣ የኖረች ሴት ጣቷ እንዳታለላት የምታውቀው ውሃ ሲቋጥር ነው። ሰፌዱ ይግባላት፣ የጀበናውን እጀታ በጨርቅ ትያዝ፣ ደግሞ ቢቻል ለጊዜው ሌላ ሰው ይጋግር። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ስታወልቅ ወፍራም ካልሲ ታድርግ። ማታ እግሯን ከሥር ገልብጣ ትይ። ጠጠር ወይም እሾህ ገብቶ ሳይሰማት ሊያድር ይችላል። ሌሊት ስትነሳ መብራት ታብራ፤ የደነዘዘ እግር በጨለማ መሬቱን አያገኘውም።

በብዙዎቹ ላይ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይሻላል፤ ጥቂት የሚቀርባቸውም አሉ። ለሕመሙ የሚታዘዝ መድኃኒት ስላለ መቻል ብቻ አማራጭ አይደለም። ይህ እንግዲህ የሁለቱ እግር ነገር ነው። አንድ እግሯ ብቻ በድንገት ካበጠና ካመማት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት፣ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ፈቃዷ ካለቀ ሥራ መግባት ትችላለች ማለት ነው»

እስቲ እንቁጠረው። ስድስት ዙር በየሶስት ሳምንቱ አራት ወር ገደማ ነው። ኦፕራሲዮኑና ማገገሚያው ሲጨመር ወደ ስድስት ወር ይጠጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው የሕመም ፈቃድ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሶስት ያለ ክፍያ ናቸው። ስለዚህ ፈቃዱ የሚያልቀው ድካሙ ገና ባለበት ሰዓት ነው። ከመግባቷ በፊት አለቃዋን በግማሽ ቀን ወይም በቀላል ሥራ እንድትጀምር ብትጠይቅ ነውር የለውም፤ የሐኪም ወረቀት ይዛ ብትሄድ ደግሞ ንግግሩ ያጥራል። ስም መርሳት፣ የጀመሩትን ነገር መጣልም ከኬሞ በኋላ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። እስከዚያው ማስታወሻ ደብተርና የስልክ አላርም ያግዛሉ።

«ጠበል ከገባች መድኃኒትና ቀጠሮ ይቁም»

በ1999 ዓ.ም. በኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ክርክር ሲነሳ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ለምዕመናን በይፋ ተናግረው ነበር። ለካንሰርም ልዩነት አይታየኝም። የሚጠጣ ሥራ ሥር ግን ሌላ ነው፤ ጉበትና ኩላሊት ገና ከኬሞ እያገገሙ ስለሆነ ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀመር።

«ሲኤ 125 ጥሩ ከሆነ ሌላ የሚያስጨንቅ የለም»

ሲኤ 125 በደም የሚለካ የዚህ ካንሰር ምልክት ነው። ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። በሌላ ምክንያትም ከፍ ይላል፣ ካንሰሩ ተመልሶም ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። በ2010 እንደ ፈረንጆች የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ ኬሞ ቀድሞ መጀመር ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳይቷል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ በራስ ገንዘብ ማስለካት ከጭንቀት በቀር ትርፉ ትንሽ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ሰውነቷን ማዳመጥ ይሻላል። ይህ ካንሰር ደረጃው ከፍ ብሎ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ መደበቅ አይጠቅምም። ሆድ መነፋት፣ ጥቂት በልቶ መጥገብ፣ አዲስ የሆድ ሕመም፣ ያልታሰበ ክብደት መቀነስ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሆድ ተነፍቶ ማስመለስና ጋዝም ሰገራም አልወጣ ማለት ደግሞ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ነው።

«ድካም ለሐኪም የሚነገር ነገር አይደለም»

ቀጠሮው ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ይላል። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ውጪ ወረፋው ረጅም ነው። ካርዱ ላይ «ደህና ናት» ተብሎ ይጻፋል። ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ መነሳት እንዳቃታት አብራት የመጣችው ልጇ ታውቃለች፤ እናቷን ላለማሳፈር ዝም ትላለች።

ምስጋናው ይቅደም፣ ከዚያ ቁጥር ይከተል። ከ0 እስከ 10 ቢሆን ድካሟ በዚህ ሳምንት ስንት ነው? ከቀጠሮው ሶስት ቀን በፊት ጀምራ በወረቀት ትጻፈው። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መንስኤው መፈለግ አለበት፦ የደም መጠን፣ ታይሮይድ (የአንገት እጢ)፣ እንቅልፍ፣ ሕመም፣ የምትወስደው ክኒን፣ ድባቴ። ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው። ወረቀቱን ራሷ መስጠት ካፈረች ልጇ ታቀብለው።