ኩበርኔትስ ይቆይ፦ ዴቭኦፕስ ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ዴቭኦፕስን፣ ማለትም ሶፍትዌር መጻፍንና ሰርቨር ላይ ማስኬድን የሚያገናኘውን ሙያ፣ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ የሠላሳና የአርባ መሣሪያ ስም ተደርድሯል። ያንን አይቶ «ወገቤን!» ብሎ የተመለሰ ብዙ ነው። ጥፋቱ የሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሙያው የሚወራውም ወሬ አለበት።

«ዴቭኦፕስ ማለት መሣሪያዎቹ ናቸው»

ቃሉ የታወቀው ፓትሪክ ዴቧ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2009 ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ውስጥ ካዘጋጀው ስብሰባ ወዲህ ነው። ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል የሚያስኬደው ዶከር የወጣው በ2013፣ ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔትስ ይፋ የሆነው በ2014 ነው። ሐሳቡ ቀድሟቸዋል። ኮድ የሚጽፈው «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ጥሎ እንዳይሄድ፣ ሰርቨር የሚጠብቀውም «እንዳትነኩብኝ» እያለ በር እንዳይዘጋ፣ ሁለቱ አብረው ይሥሩ ነው ነገሩ።

«መጀመሪያ ኩበርኔትስ»

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው በዚህኛው ነው። አንድ ኮንቴይነር ተነስቶ ይወድቃል፣ ተነስቶ ይወድቃል እንበል። ሲዘጋ 137 የሚል ቁጥር ያሳያል። ኩበርኔትስን ብቻ የሸመደደ ሰው ፋይል ሲቀያይር ያድራል። ሊኑክስ (ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ሲስተም) የሚያውቅ ግን 137 ማለት 128 ሲደመር 9 መሆኑን፣ 9 ደግሞ ፕሮግራምን በግድ የሚገድል ሲግናል መሆኑን ያውቃል። ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ፕሮግራም በዚሁ ሲግናል ይገድላልና፣ ቀጥታ ሜሞሪውን ያያል። ብዙ ጊዜም ችግሩን እዚያው ያገኘዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለሊኑክስ፣ ለኔትወርክና የኮድ ለውጥን ለሚመዘግበው ለጊት ስጡ። የፋይል ፈቃድ፣ ዲኤንኤስ (የሳይት ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው)፣ በፖርት 22 (ሰርቨር ውስጥ ከርቀት መግቢያው) እና በ443 (የሳይቶች በር) የሚያልፈው ነገር፣ ዲስክ ሲሞላ የሚመጣው ጣጣ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሳይት ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ በእጃችሁ ጫኑ። ስትሰለቹ ሥራውን በራሱ የሚሠራ ስክሪፕት ጻፉላት፣ ቀጥሎ ኮንቴይነር ውስጥ አስገቧት። ለዚህ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃል።

«ኮድ ለማይወድ ሰው ይመቻል»

አይመችም። ባሽ (የሊኑክስ ትእዛዝ መጻፊያ) እና ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) የዕለት እንጀራ ናቸው። የአልጎሪዝም ሊቅ መሆን ግን አይጠበቅባችሁም። ሌላ ሰው የጻፈውን ስክሪፕት አንብቦ የት ጋ እንደተበላሸ ማግኘት ለጅምር በቂ ነው።

«ሰርተፍኬት ካለኝ ሥራ አላጣም»

ሰርተፍኬት ሲቪያችሁን ያስነብብ ይሆናል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሳይቱ አልከፈት ብሏል፣ ከየት ትጀምራለህ?» ሲባል ግን ወረቀቱ አፍ የለውም።

«ጎበዝ ባለሙያ አይሳሳትም»

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ውስጥ አንድ ባለሙያ ሰርቨር ተምታቶበት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ባክአፕ ሲፈለግ፣ ይሠራሉ ከተባሉት መንገዶች ብዙዎቹ አይሠሩም ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት፣ ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ዳታ ጠፍቶ ቀረ። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ነገሩን አልሸሸጉም፣ ሰውየውንም አልሰቀሉትም፤ የማዳኑን ሥራ በቀጥታ ለሕዝብ አሳዩ፣ ምን እንደተበላሸም ዘርዝረው ጻፉ።

እናንተም ማጥፊያ ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት የገባችሁበትን ሰርቨር ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ባክአፕ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ ሞክሩት።