ጉራጌ፣ ሥራና መስቀል

ጉራጌ ለምን እንደዚህ ይሠራል ብለህ ብትጠይቅ ብዙ ሰው «በደሙ ነው» ይልሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ደም ብቻውን ማንንም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከአልጋው አያስነሳም። መርካቶ ውስጥ ሊስትሮውን፣ ጀብሎውን፣ ሱቅ በደረቴውን ጠጋ ብለህ ብታጫውተው አንድ ቀን ይጠራልሃል፤ መስከረም 17።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። አገሩ ሰው ይበዛበታል፣ የእያንዳንዱ ይዞታ ደግሞ ጠባብ ነው። እንሰት ቤተሰብ ይቀልባል፣ ጥሬ ገንዘብ ግን ብዙም አያስገኝም። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ግብር በገንዘብ ሲጠየቅ ወንዶቹ አዲስ አበባ እየመጡ ጉልበታቸውን መሸጥ ጀመሩ፤ ንግዱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዛሬም ዘመድ ዘመዱን ይስባል። ልጁ ጫማ በመጥረግ ይጀምራል፣ ትንሽ ሲቋጥር ሶፍትና ማስቲካ ያዞራል፣ ከዚያ መደብ፣ ከቀናው ደግሞ ሱቅ።

ግን ዓመቱን ሙሉ ያንን ሁሉ ፀሐይና ዝናብ የሚያስችለው መስቀል ነው። ወንዶቹ ለበሬው እቁብ ይጥላሉ። እናቶች ደግሞ አገር ቤት የቅቤ እቁብ አላቸው፤ ከየቤቱ በየተራ እየተዋጣ ይጠራቀማል፣ መስከረም ሲጠባ ለክትፎው ይወጣል። «ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እዚህ ቀልድ አይደለም። ልጁ ለእናቱ ልብስ፣ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ይገባል። ከእርዱ በፊት ሴቶቹ የሚያሰናዱት የጎመን ክትፎ ማምሻ አለ፣ ከዚያ በሬው ይጣላል፣ ክትፎው በጣባ ከቆጮ ጋር ይቀርባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ያ ምርቃት ቀላል ነገር አይምሰልህ። ከተማ ውስጥ ስሙን ማንም የማያውቀው ልጅ እዚያ በአባቱ ስም ይጠራል፣ ምን ይዞ እንደመጣም መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ባዶ እጁን መግባት ስለሚከብደው ዘንድሮ ሳይሄድ የሚቀርም አለ፤ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት እንዴት እንደሚሠራ አስበው።

ሙስሊሞቹ ጉራጌዎችና ስልጤዎች ዘንድ ይሄን ቦታ የያዘው አረፋ ነው፤ ጉዞው፣ እርዱ፣ ናፍቆቱ ያው ነው።

ይሄ አገር ቤትን ያለመርሳት ነገር ከራስ ቤት አልፎ ሄዷል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉት ተደራጅተው፣ ገንዘብ እያዋጡ መንገድ አሠርተዋል። ወደ መንደሩ መኪና እንዲገባ መንግሥትን ብቻ አልጠበቁም፤ እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የምኮራበት ይሄ ነው።

በዓሉ ሲያልፍ ሰውየው ኪሱ ሳስቶ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንድ ታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ልቤ ይከፈላል፤ ትምህርት ገና መስከረም ላይ መጀመሩ ነው፣ ልጁ ግን ደብተሩን ጥሎ የሊስትሮ ሳጥን ሊያነሳ ነው። ያመጣው ወንድሙም ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ እሱም የመጣው እንደዚሁ ነው።