የጊታር ማገር ጫፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎጃም ውስጥ እንጨት የሚጠርብ ሰው ማሲንቆ ያውቃል። ማሲንቆ ላይ የሚወጠረው ቆዳ ስለሆነ ማገር አያስፈልገውም። ጊታርን ግን የብረት ክሮቹ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይስቡታል። ፊቱ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ እንጨት ነው። ስለዚህ በፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀጫጭን እንጨቶች ይለጠፋሉ። እኔ ማገር እላቸዋለሁ። ጎኑና ፊቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ውስጥ ለውስጥ የሚዞር ሌላ እንጨት አለ፤ የማገሩ ጫፍ እሱ ላይ በተፈለፈለ ቦታ ይገባል። ስለዚህች መገጣጠሚያ ባሕር ዳር አብረውኝ ከሚሠሩ ልጆች ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ።

«ጫፉ ጎኑን ጥብቅ አድርጎ ሲነካ ነው የሚጠነክረው።»
ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ እኔንም ዋጋ አስከፍሎኛል። እንጨት ሲርስ የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ማገሩ ደግሞ የፊቱን እንጨት መስመር አቋርጦ ነው የሚተኛው። በጋ ሲገባ ፊቱ ይጠባል፣ ማገሩ እንዳለ ይቀራል፤ መሄጃ ያጣው ጫፍ ጎኑን ይገፋል። የመጀመሪያ ጊታሬን በነሐሴ ዝናብ ገጣጠምኩት። በመጋቢት ጎኑን ስዳብሰው የማገሮቹን ጫፍ በጣቴ አንድ በአንድ መቁጠር እችል ነበር። አሁን በጫፉና በጎኑ መካከል ወፈር ያለ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት እተዋለሁ። ጫፉ በፊቱና በጠርዙ እንጨት መካከል ተይዞ እንዳይላቀቅ ነው የሚፈለገው፣ እንዲገፋ አይደለም።

«የተረፈውን ክፍተት ኮላ ይሞላዋል።»
ነጭ ኮላ ውሃው ሲተን ይሟሽሻል። በጎኑ በኩል ሳይሆን ከጫፉ ሥር ክፍተት ካለ ስስ የእንጨት ቁራጭ አስገባበት።

«ጫፉ ወፍራም ሲሆን ይሻላል።»
ማገሩ ወደ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ ከፍታው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ወፍራም ከሆነ ጠርዙን ብዙ መፈልፈል ሊኖርብህ ነው። የጠርዙ እንጨት ደግሞ እንዲታጠፍ በየቦታው በመጋዝ የተበጣ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል። ፊቱን ጎኖቹ ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ግራና ቀኙን በቀጭን መጋዝ ቁረጥ፣ መሀሉን በተሳለ መሮ አውጣ። ከዚያ ያለ ኮላ ሞክረው። የፈለፈልከው ጥልቀት ካነሰ ፊቱ ጠርዙ ላይ አይቀመጥም፤ ከውስጥ አምፖል ስታበራ ብርሃን ያሾልካል።

«ሁሉም ማገር ጠርዝ ውስጥ መግባት አለበት።»
በኤክስ ቅርጽ የሚተላለፉት ዋናዎቹና ከድምፅ ቀዳዳው በላይ በአግድም የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ይገባሉ። ትንንሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ሳስተው ከጠርዙ በፊት ያልቃሉ። እነሱን ኮላው ሲደርቅ ጫፋቸውን በጥፍሬ እፈትሻለሁ። ጥፍር ከገባ፣ ክር ሲመታ ዝዝዝ ማለቱ አይቀርም፤ ፊቱ ሳይከደን እንደገና ማጣበቅ ነው።