ትንሽ ጌም እንዴት ይመዘናል? የኢንዲና የሬትሮ ጌም ሂስ ከጎጃም ሲታይ

ኢንዲ ጌም የሚባለው አንድ ሰው ወይም ጥቂት ጓደኛሞች ያለ ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ ገንዘብና ትእዛዝ የሚሠሩት የቪዲዮ ጌም ነው። ሬትሮ የሚባለው ደግሞ ዛሬ ተሠርቶ የ1980ዎቹን ወይም የ1990ዎቹን መልክ የያዘ ጌም ነው። ስዕሉ ትናንሽ ካሬዎች እየተደረደሩ የተሠራ ነው፤ ፒክስል የምንላቸው። ድምፁም የድሮ ማሽን ጢጥታ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መቶ ሠዓሊ ያለው ኩባንያ የሚሠራውን ሰፊ ዓለም አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። ቁመቷም ወርዷም 16 ፒክስል የሆነች ዶሮን ግን አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ይሥላታል።

እነዚህን ጌሞች መገምገም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። እዚህ የማወራው ስለዚያ ሙያ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚመዝን፣ ጎጃም ሲደርስ ደግሞ ምን እንደሚጨመርበት። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ጌም ቤት ብትገቡ ደጁ ላይ ጆተኒ ታገኛላችሁ። ውስጥ ፕሌይስቴሽን አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ነው። ኢንዲ ጌም እዚያ ብዙም አይታይም። የሚመጣው በስልክና በላፕቶፕ ነው። ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ግምገማውም አብሮት ይዞራል። "ይቺን ሞክራት፣ ላፕቶፕህ ይችላታል፣ ሁለተኛው አለቃ ላይ ግን ታለቅሳለህ።" ይህ ሙሉ ግምገማ ነው። ማሽኑን አይቷል፣ ክብደቱን ተናግሯል፣ የሚያስቸግረውን ቦታ ጠቁሟል፤ አለቃ የሚባለው ከሌሎቹ ጠላቶች ሁሉ የሚከብደው ነው።

በሌላው ዓለም ግምገማ የጀመረው በመጽሔት ነው። ከ1986 ጀምሮ የሚታተመው የጃፓኑ ፋሚትሱ አንድን ጌም ለአራት ገምጋሚዎች ይሰጣል። እያንዳንዳቸው ከ10 ያርማሉ፤ ድምሩ ከ40 ይሆናል። በ2001 ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ መጣና የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ ከ100 በአማካይ ማውጣት ጀመረ። ትናንሾቹ ጌሞች ግን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ። መጽሔት የሚገመግመው በካርቶን ታሽጎ ሱቅ የገባውን ነበር።

በ2004 ዳይሱኬ አማያ የተባለ ጃፓናዊ ብቻውን አምስት ዓመት የሠራውን ኬቭ ስቶሪን በነጻ ለቀቀ። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬም ይጫወቱታል። በ2008 የጆናታን ብሎው ብሬድ ሲወጣ ገምጋሚዎች ከትልልቆቹ ጌሞች እኩል አስቀምጠው በቁም ነገር ጻፉለት። ከዚያ በኋላ በሩ ተበረገደ። ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ ከ2017 ጀምሮ 100 ዶላር የከፈለ ማንኛውም ሰው ጌሙን እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ ጌም ወጣበት። ይህን ሁሉ የትኛው መጽሔት ያዳርሳል?

ስለዚህ ሥራው ወደ ተጫዋቹ ዞረ። ስቲም ላይ ገምጋሚው ቁጥር አይሰጥም። "እመክራለሁ" ወይም "አልመክርም" ይላል፣ ከዚያ ምክንያቱን ይጽፋል። ከጽሑፉ ጋር ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይታያል። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። 40 ሰዓት ተጫውቶ "አሥረኛው ሰዓት ላይ ይሰለቻል" የሚል ሰው፣ ዝም ብሎ 85 ከሚሰጥ ሰው የበለጠ ይረዳኛል።

የሬትሮ ጌም ግምገማ ትልቁ ጣጣ ትዝታ ነው። ልጅነቱን ኔንቴንዶ በተባለው የ1980ዎቹ የጃፓን ጌም ማሽን ፊት ያሳለፈ ገምጋሚ ያቺን ጢጥታ ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ሆዱ ከባባ በኋላ የሚሰጠው ነጥብ የጌሙ ነው ወይስ የልጅነቱ? ብዙ ግምገማዎች ይህን አይለዩም። "ወደ ልጅነቴ መለሰኝ" ብለው ያበቃሉ። ጎጃም ላደገ አንባቢ ይህ ምንም አይነግረውም። የእኛ ሬትሮ ሌላ ነው። ከ1997 ጀምሮ በኖኪያ ስልኮች ላይ የመጣችው እባብ ናት፤ የአጎትን ስልክ ለምነን የተጫወትናት። በባትሪ የምትሠራው፣ ጡብ የሚደረደርባት ብሪክ ጌምም አለች። ኔንቴንዶን አብዛኞቻችን አናውቀውም። ስለዚህ የፒክስል ጌም ሲመጣልን ትዝታ ሳይሸፍነው እናየዋለን። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም አይደለም። ይህ ለገምጋሚ ትልቅ ዕድል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ዕድል አለን። ጎጃም ሂስን ሲያስተምር የኖረ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ስማቸው በቅኔ የታወቀ ነው። ተማሪው ቀን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ያሰማል። የኔታ በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ግን ጉባኤ ቃናን "አጠረች" ብሎ የሚነቅፋት የለም። የሚጠየቀው ተማሪው በሁለት ቤት ምን ሠራባት የሚለው ነው። ሰሙ ለብቻው ይቆማል? ወርቁ ከሰሙ ወጣ ወይስ በግድ ተለጠፈ? ደግሞስ የራሱ ነው ወይስ የሌላ ሰው? የሰመረ እንደሆነ "ይበል!" ይባላል። እነዚህን ጥያቄዎች፣ ማለትም ልኩን፣ ሰምና ወርቁን፣ የማን መሆኑንም፣ ለፒክስል ጌም ሳቀርባቸው ከቁጥር ነጥብ የተሻለ ሠርተውልኛል።

መጀመሪያ ልኩን እንይ። የድሮው ኔንቴንዶ ስክሪን 256 በ240 ፒክስል ነበር። አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል ሦስት ቀለም ብቻ ይይዛል። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ምስል ከመጣ ትርፉ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የድሮ ጌሞች ላይ ጠላት ሲበዛ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። በ2014 የወጣው ሾቨል ናይት ይህን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጌም ነው። የገጸ ባሕርያቱን ቀለም ቁጥብ አደረገ፣ ሙዚቃውንም በድሮው ማሽን ወግ ሠራ። ብልጭ ድርግሙን ግን ተወው። ስክሪኑንም አሰፋው። ሕግ አውቆ መጣስና ሳያውቁ መሳሳት ይለያያሉ፤ የኔታ ይህን በአንድ ጆሮ ሰምተው ይለዩታል። ብዙ ርካሽ የሬትሮ ጌሞች የሚወድቁት እዚህ ነው። ጀግናው በትልልቅ ካሬ ተሥሏል፣ ጽሑፉ በቀጭን ዘመናዊ ፊደል ነው፣ ሰይፉ ሲዞር ካሬዎቹ ሰያፍ ይሆናሉ። የድሮ ማሽን ይህን ከቶ አያደርግም። ገምጋሚ "ስዕሉ ያምራል" ብቻ ብሎ ካለፈ ሥራውን አልሠራም።

ሰምና ወርቁን ለማየት ከአንደርቴል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቶቢ ፎክስ በ2015 ያወጣው ነው። ስዕሉ ተራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የደብተር ጫፍ ላይ የተሣለ ይመስላል። ሰሙ የታወቀ ነው፦ ጭራቅ ያጋጥማችኋል፣ ትዋጋላችሁ፣ ትጠነክራላችሁ። ወርቁ ግን አንድም ሳትገድሉ እስከ መጨረሻው መድረስ መቻላችሁ ነው። ገድላችሁ ተጸጽታችሁ ወደ ኋላ ብትመለሱ ደግሞ ጌሙ ያደረጋችሁትን ያስታውሳል። ይህን ወርቅ ያለዚያ ተራ ሰም መሥራት አይቻልም። የተለመደው ጌም መስሎ ባይቀርብ ኖሮ ምርጫው አያስደነግጥም ነበር።

በ2018 የወጣው ሰሌስት ደግሞ ተራራ የምትወጣ ልጅ ታሪክ ነው። ወርቁ ከጭንቀቷ ጋር የምታደርገው ትግል ነው። ገምጋሚዎች ስለ ታሪኩ ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጣት ላይ የሚሰማው ነገር ነው። ልጅቷ ከገደሉ ጫፍ ወጥታም ለቅጽበት መዝለል ትችላለች። ዓይን አያየውም፤ ጣት ግን "ታዘዘችልኝ" ይላል። ለከበደው ሰው ደግሞ የጌሙን ፍጥነት መቀነስ የሚያስችል ምርጫ አለ። ጥሩ ግምገማ ይህን ፈልጎ አግኝቶ ስም ይሰጠዋል።

የማን ነው የሚለው ጥያቄ አጭር ነው። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ርካሽ የፒክስል ጌም ነው፤ በስልክ በነጻ ይገኛል። በ2023 የብሪታንያው የሽልማት ተቋም ባፍታ የዓመቱ ምርጥ ጌም ብሎ ሲሸልመው ኤልደን ሪንግን የመሰለ ግዙፍ ጌም አብሮት ታጭቶ ነበር። ከእሱ በኋላ እሱን የሚመስሉ ጌሞች ጎረፉ። ከነሱ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር የጨመረውን ነጥሎ ማውጣት የገምጋሚው ድካም ነው።

ስታርዱ ቫሊን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ጎጃም ውስጥ ከየትኛውም ጌም በተለየ ዓይን የሚታይ ነውና። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በ2016 አወጣው። የእርሻ ጌም ነው። የከተማ ሥራ የሰለቸው ሰው የአያቱን ማሳ ወርሶ ገጠር ይገባል። የውጭ ገምጋሚዎች "ዕረፍት ይሰጣል" ይሉታል። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። በሬ የለም። ማሳው የሚቆፈረው በመቆፈሪያ ነው። እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን ነው፤ አንዳንዱ ሰብል በአራት ቀን ይደርሳል። ይህን መቀበል ይቻላል፤ ጌም ነው። እኔን የከበደኝ ደቦ አለመኖሩ ነው። የመንደሩ ሰው ስጦታ ሲሰጡት ይወዳል፣ ደብዳቤ ይልካል፤ በአጨዳ ቀን ግን ተጠርቶ የሚመጣ ጎረቤት የለም። ጠላ ተጠምቆ፣ እየተዘፈነ የሚታጨድ ማሳ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በ2018 ጓደኛሞች አንድ እርሻ ላይ አብረው እንዲጫወቱ ሲፈቀድ ነገሩ ተቃና። አንዱ ያጠጣል፣ ሌላው ዓሣ ያጠምዳል፣ ሦስተኛው ድንጋይ ይፈልጣል። ወንፈል ማለት ይኸው ነው። ጌሙን በጣም እወደዋለሁ፤ ጉድለቱን የምናገረውም ለዚህ ነው።

ጎጃም ውስጥ የሚጻፍ ግምገማ ሌሎች የማያነሷቸውን ነገሮች ማንሳት አለበት። አንዱ ክብደት ነው። አንደርቴል 200 ሜጋባይት ገደማ ቦታ ይጠይቃል፤ ስታርዱ ቫሊ 500። በ2017 የወጣው ውብ ጌም ሆሎው ናይት ግን 9 ጊጋባይት ይላል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ከስዕሉ በፊት መነገር ያለበት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል ወይ የሚለውም እንደዚያው። ኔትወርክ ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቅንጦት አያየውም። ክፍያም አለ። የአገር ውስጥ ካርድ ለውጭ ግዢ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል። አንዴ ብቻ የሚለመን ነገር ላይ የተሳሳተ ምክር መስጠት ያሳፍራል።

መብራትም አለ። ባትሪው ባለቀ ላፕቶፕ የሚጫወት ሰው መብራት ድንገት ሲሄድበት ምን ያህል ይጠፋበታል? ስታርዱ ቫሊ የደረሳችሁበትን የሚያስቀምጠው ገጸ ባሕርይው ሲተኛ ነው። የጌሙ አንድ ቀን 14 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የሚጠፋው ከዚያ አይበልጥም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ግምገማ አላጋጠመኝም፤ በጨለማ ቁጭ ብዬ ነው ያወቅሁት።

አገር ውስጥም ጌም ይሠራል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከተያዥነት የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ፒክስል አይደሉም፤ ግን የእኛ ቋንቋና ጨዋታ ስክሪን ላይ ሲወጣ ምን ይመስላል ለሚለው መነሻ ናቸው።

በአማርኛ የፒክስል ጌም ቢሠራ ገምጋሚ መጀመሪያ ማየት ያለበት ፊደሉን ነው። የድሮው ኔንቴንዶ ያለ ተጨማሪ ቺፕ ለጀርባ ስዕል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ጡብ ነው፤ እያንዳንዱ ጡብ 8 በ8 ፒክስል ነው፣ አንድ ፊደልም አንድ ጡብ ይይዛል። የላቲን ፊደል 26 ብቻ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ጃፓኖች እንኳን ያኔ ካንጂ የሚባለውን ከባዱን ጽሕፈታቸውን ትተው ካና በሚባለው በቀላሉ ይጽፉ ነበር። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው። ሏን፣ ቧንና መሰሎቻቸውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ለአፈሩ፣ ለዛፉ፣ ለደመናውና ለቤቱ ሁሉ የሚተርፈው 25 ጡብ ነው። የዛሬ ማሽን ይህ ችግር የለበትም። ስፋቱ ግን ያው ነው፤ 8 በ8 ያለ ፊደል ዛሬም 8 በ8 ነው።

በካሬ ደብተር ላይ ሞክሬዋለሁ። ሰ፣ ተ እና ነ በደንብ ይገባሉ። ከላያቸው መስመር ሲደረብና ሸ፣ ቸ፣ ኘ ሲሆኑ ግን ከላይኛው ረድፍ ጋር ይጣበቃሉ። ቁመታቸውን 10 ካሬ ሳደርገው ተነበቡ። በአማርኛ የተጻፈ የፒክስል ጌም እጄ ሲገባ ቀድሜ የምፈልገው ይህችን ቸ ነው።