አወዛጋቢ ፊርማ ምንድን ነው? ደጋፊ በገዛ ተጫዋቹ ላይ ሲያፏጭ

የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ቀርተውታል። ክለብህ አዲስ ተጫዋች አስፈርሟል። ፎቶው ወጥቷል፤ ማልያውን በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ ብሏል። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይልህ ነበር። ዛሬ ግን ስሙን ስታነብ ክው ትላለህ። "ከሰው ሁሉ መርጠው እሱን?" ትላለህ። ለጓደኛህ ስትደውል እሱም ስልኩን የሚያነሳው እየተሳደበ ነው።

አወዛጋቢ ፊርማ የሚባለው ይሄ ነው። በአጭሩ፣ ደጋፊው በተጫዋቹ ችሎታ ሳይሆን በማንነቱ ወይም በታሪኩ የተነሳ "ይህ ሰው የእኛን ማልያ መልበስ የለበትም" የሚልበት ዝውውር ነው።

ይህን ከተራ ንዴት ጋር ማምታታት ቀላል ነው። ክለቡ ለማይረባ አጥቂ መዓት ገንዘብ ሲያፈስ ሰው ይናደዳል፣ ግን ያ ቶሎ ያልፋል፤ ሰውዬው ሦስት ጨዋታ ላይ ጎል ካገባ ሁሉም "እኔ ድሮም ብዬ ነበር" ማለት ይጀምራል። አወዛጋቢ ፊርማ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ቢኖር ተጫዋቹ ጎበዝ መሆኑ ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰነፍ ቢሆን ማን ያስፈርመው ነበር?

የማኑኤል ኖየርን ነገር እንይ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የእሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ በ2011 ከሌላው የጀርመን ክለብ ከሻልከ ሲያስፈርመው ኖየር ከዓለም ምርጥ በረኞች አንዱ ነበር። ባየርን ደግሞ ኦሊቨር ካን ጓንቱን ከሰቀለበት ከ2008 ጀምሮ የረባ ተተኪ ሲፈልግ ቆይቷል። ወረቀት ላይ ካየኸው ከዚህ የተሻለ ዝውውር የለም። ግን ኖየር የሻልከ ልጅ ነው። ገና በሕፃንነቱ የገባበት ክለብ ነው፤ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ደጋፊም ነበር። በሁለቱ ክለቦች መካከል ደግሞ ያልሻረ ቁስል አለ። በ2001 የሊጉ የመጨረሻ ቀን ሻልከዎች ጨዋታቸውን ጨርሰው "ሻምፒዮን ሆንን" ብለው ሜዳ ላይ ሲጨፍሩ፣ ባየርን ሃምቡርግ ላይ በባከነ ሰዓት ጎል አግብቶ ዋንጫውን ከእጃቸው ነጠቀ። የሻልከ ሻምፒዮንነት ደቂቃዎች ብቻ ቆየ። ያን ቀን ካን በደስታ አብዶ የማዕዘን ባንዲራውን ነቅሎ የጨፈረው ጭፈራ ለባየርን ደጋፊ የተቀደሰ ምስል ነው።

ታዲያ ኖየር ምን አደረገ? በ2009 ሻልከ ሙኒክ ሄዶ 1 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ወደ ማዕዘኑ ሮጦ ያችኑ የካን ጭፈራ ቁጭ አድርጎ ደገማት። በባየርን ሜዳ፣ በባየርን ሕዝብ ፊት።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሱን ሊያስፈርሙት ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሰዉ ምን እንደተሰማው አሁን ይገባሃል። በማርች 2011 ሁለቱ ክለቦች በጀርመን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ የባየርን ደጋፊዎች በራሳቸው ዘዬ "ኮአን ኖየር" የሚል ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙ፤ "ኖየር አንፈልግም" ማለት ነው። የተጫዋቹ ስም በጀርመንኛ "አዲስ" ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም "አዲስ ሰው አንፈልግም" ተብሎም ይነበባል። ቅኔ ናት። ያን ጨዋታ ሻልከ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ኖየርም በሩን ሳያስደፍር ወጣ። ባየርን ግን ሐሳቡን አልቀየረም፣ አስፈረመው። ያን ጊዜ ከአክራሪዎቹ ደጋፊዎች ወገን ለኖየር የስነ ምግባር ደንብ ወጣለት። አርማውን እንዳትስም። ወደ እኛ መቀመጫ እንዳትጠጋ። ማልያህን ወደ እኛ እንዳትወረውር። ክለቡ አንድ ውል ሲያስፈርመው ደጋፊው በጎን ሌላ ውል አስፈረመው ማለት ነው።

የኖየር ጉዳይ ቂም ነው። አንዳንዴ ግን ከቂም ጠለቅ ይላል። ግላስጎው ውስጥ ሬንጀርስ የፕሮቴስታንቶች፣ ሴልቲክ የካቶሊኮች ክለብ ተደርገው ነው የሚታዩት። ሬንጀርስ ለአሥርት ዓመታት ካቶሊክ መሆኑ በግልጽ የሚታወቅ ስመ ጥር ተጫዋች አያስፈርምም ነበር። በ1989 አሰልጣኙ ግሬም ሱነስ ሞ ጆንስተንን አመጣ። ጆንስተን ካቶሊክ ነው። የቀድሞ የሴልቲክ አጥቂ ነው። ይባስ ብሎ ከሳምንታት በፊት የሴልቲክን ማልያ ለብሶ "ተመለስኩ" ብሎ ለጋዜጠኞች ታይቷል! የሬንጀርስ ደጋፊዎች ስካርፋቸውን አቃጠሉ። የሴልቲክ ደጋፊዎች ደግሞ ይሁዳ አሉት። አንድ ሰው ከሁለቱም ወገን በአንድ ሳምንት ሲጠላ አስበው። በኖቬምበር ግን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሴልቲክ ላይ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ፤ ስካርፍ ያቃጠለውም ሰው ያን ቀን ተነስቶ ሳይጮህ አልቀረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። "ይሁዳ" እና "አወዛጋቢ ፊርማ" አንድ አይደሉም። ይሁዳ የሚለው የተከዳው ወገን ነው። ሉዊስ ፊጎ በ2000 ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ ባርሴሎና ነደደ፤ በ2002 ካምፕ ኑ ላይ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲሄድ የአሳማ ጭንቅላት እስከ መወርወር ተደርሷል። ሶል ካምፕቤል በ2001 ውሉን ጨርሶ በነጻ ከቶተንሃም ወደ አርሰናል ሲሻገርም እንደዚያው። ግን ማድሪዶች ተከፍተው ነበር? አርሰናሎችስ? በደስታ ሰክረው ነበር እንጂ። አወዛጋቢ ፊርማ የምለው እንግዳው የሚገባበት ቤት ራሱ ሲረበሽ ነው።

እስካሁን ያወራነው የኳስ ቂም ነው። የኳስ ቂም ጎል ያድነዋል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ። ሌላ ዓይነት አለ፣ ጎል የማያድነው።

ስኮትላንድ ውስጥ ሬይዝ ሮቨርስ የሚባል ትንሽ ክለብ በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ አንድ አጥቂ አስፈረመ። ይህ ተጫዋች ሴት እንደደፈረ በ2017 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ወስኖበታል፤ በወንጀል ችሎት ግን ጉዳዩ አልታየም። ክለቡ መጀመሪያ የሰጠው መልስ ውሳኔው ከምንም በፊት የእግር ኳስ ውሳኔ ነው የሚል ነበር። (ይህችን አባባል አስተውላት። ክለብ "የእግር ኳስ ውሳኔ ነው" ካለ ስለ እግር ኳስ ያልሆነ ነገር ተጠይቋል ማለት ነው።) ከዚያ የሆነው ሁሉ በቀናት ውስጥ ነው። የሴቶች ቡድኑ አምበል ለቀቀች። የዕድሜ ልክ ደጋፊና ስፖንሰር የነበረች ታዋቂ ደራሲ ድጋፏን አቋረጠች። የቦርድ አባላትም ወጡ። ክለቡ በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቆ ተጫዋቹ እንደማይሰለፍ አሳወቀ።

ይሄኛው ለምን በጎል አይድንም? ቂም ያለበት ተጫዋች ጎል ሲያገባ ለደጋፊው ካሳ ነው፤ "ድሮ እኛን አቃጥለሃል፣ አሁን ለእኛ አቃጥል" ነው ነገሩ። በሁለተኛው ዓይነት ግን ጎሉ ራሱ ፈተና ነው። ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ ተነስተህ ትጮሃለህ ወይስ ቁጭ ትላለህ? ከጎንህ የተቀመጠችው ሴት ስትጮህ ብታይህ ምን ትላለች? ተጫዋቹ በተሳካለት ቁጥር ይብስብሃል። ይህን ሳስብ ነው "ዝም ብላችሁ ደግፉ፣ ሜዳ ላይ ያለውን ብቻ እዩ" የሚሉ ሰዎች ነገሩ ያልገባቸው የሚመስለኝ። ሜዳ ላይ ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው ደጋፊ ሳይሆን ተመልካች ነው፤ ተመልካች ደግሞ ለአንድ ክለብ ብሎ ዝናብ አይደበደብም።

ፖለቲካም አለ። ማድሪድ ውስጥ ራዮ ቫዬካኖ የሠራተኛ ሰፈር ክለብ ነው፣ ደጋፊዎቹም በግራ ዘመም አቋማቸው ይታወቃሉ። በ2017 መጀመሪያ ዩክሬናዊውን አጥቂ ሮማን ዞዙሊያን ከሪያል ቤቲስ በውሰት አመጡ። ደጋፊዎቹ ከቀኝ አክራሪዎች ጋር ንክኪ አለው ብለው ልምምድ ሜዳ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። እሱ አይደለሁም ብሎ አስተባበለ። ሰሚ አላገኘም፤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ወደ መጣበት ተመለሰ። በዲሴምበር 2019 ለአልባሴቴ ሆኖ ወደ ራዮ ሜዳ ሲመጣ ከመቀመጫው የወረደበት ስድብ ጨዋታውን በዕረፍት ሰዓት አስቋረጠው። ያቺ የፊርማ ቀን ሦስት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ተጫዋቹ ራሱን አላስፈረመም። ስሙን ያነሳ፣ ዋጋውን የተደራደረ፣ "ደጋፊው ትንሽ ይጮህና ይተወዋል" ብሎ ያሰላ ሰው ቢሮ ውስጥ አለ። ያ ሰው ግን ሜዳ ላይ ስለማይገባ ማን ያፏጭበታል? ስለዚህ ፉጨቱ ሁሉ ኳስ በነካ ቁጥር ለሚታየው ሰው ይሆናል። ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድን የመሳሰሉ፣ አባላት ፕሬዚዳንት የሚመርጡባቸው ክለቦች ላይ ንዴትህን ይዘህ ወደ ምርጫ ሳጥን መሄድ ትችላለህ። ብዙ ክለብ ግን የባለሀብት ንብረት ነው፤ እዚያ ደጋፊው ያለው ድምፁና የዓመት ቲኬቱ ብቻ ነው። ሬይዝ ሮቨርስ በሦስት ቀን ውስጥ የታጠፈው ከደጋፊው ጩኸት ጋር ስፖንሰርና የራሱ ሰዎች አብረው ስለወጡ ይመስለኛል። ኖየር ላይ ግን የተቆጣው የስታዲየሙ አንድ ጥግ ነበር። ባየርን ጠበቀ። መጠበቁም አዋጣው።

ኖየር ባየርን ከገባ በኋላ በ2013 የቻምፒዮንስ ሊግን አነሳ፣ በ2017 አምበል ሆነ። በኦገስት 2020 በዚያው ውድድር ፍጻሜ ሊዝበን ላይ የፈረንሳዩን ፒኤስጂ 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ዋንጫውን መጀመሪያ ከፍ ያደረገው እሱ ነው። በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ነበር፤ እና ከእነዚያ "ኮአን ኖየር" ብለው ወረቀት ከያዙት ሰዎች ማን እንዳጨበጨበ፣ ማን እጁን እንዳጣመረ ማንም አላየም።