«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ የአነጋገሩ ትርጓሜ እና አያቴ የኖረችበት መንገድ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በጎጃም ከለቅሶ ቤት እስከ ሽምግልና ድረስ የሚሰማ ነው። አንዳንዱ ሰው «ይውላል» በማለት ፈንታ «ይኖራል» ይላል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሥጋ ወደ አፈር ይመለሳል፤ ሰው በሕይወቱ የሠራው ሥራ ግን ከስሙ ጋር ሆኖ በቋሚዎች አፍ ይቀራል፤ ደግ የሠራ በደግ፣ ክፉ የሠራ በክፉ ይነሣል። ስለዚህም አነጋገሩ ሟችን ለማመስገን የሚነገረውን ያህል ሕያውን ለመገሠጽም ይነገራል። የጎረቤቱን ድንበር የሚገፋ ገበሬ ወይም በሙት ልጅ መሬት ላይ ዓይኑን የጣለ ዘመድ ሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ፣ «ተው ልጄ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ሽማግሌዎቹ በዚህ ቃል የሚያስፈሩት በዳኛ ወይም በእስር አይደለም፤ የልጅ ልጆቹ ነገ ስለ እርሱ በሚሰሙት ነገር ነው።

ብዙ ሰው ይህን አነጋገር የሚጠቅሰው ስለ ጀግኖችና ስለ ነገሥታት ሲያወሳ ነው። በላይ ዘለቀ በአምስቱ የወረራ ዓመታት በጎጃም ምድር ጣሊያንን ሲዋጋ ቆይቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ቢሞትም ስሙ ዛሬም በፉከራና በቀረርቶ ይነሣል። እቴጌ እሌኒ በምሥራቅ ጎጃም ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ቢቃጠልም፣ የእቴጌዪቱ ስም ከቦታው አልተለየም። ምሳሌዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን አነጋገሩን በእነርሱ ብቻ ከተረጎምነው፣ ስሙ በታሪክ ያልተጻፈው ሰፊው ሕዝብ ከትርጉሙ ውጭ ይቀራል። እኔ ትርጉሙን የተማርሁት ከአያቴ ነው፤ እርሷም ፊደል ያልቆጠረች የገበሬ ሚስት ነበረች።

የአነጋገሩ መሠረት፣ እኔ እንደማምነው፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ሲሰማው የኖረው የመጽሐፍ ቃል ነው። ጠቢቡ በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 7 መልካም ስምን ከመልካም ሽቱ ሲያስበልጥ፣ በዚያው ቁጥር የሞትን ቀን ከመወለድ ቀን ያስበልጣል፤ ስምና ሞት ያኔውኑ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመዝሙረ ዳዊትም «ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ» ይላል፤ የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል ማለት ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 10 ግን የጻድቅ መታሰቢያ ለበረከት እንደ ሆነ፣ የኃጥኣን ስም ደግሞ እንደሚጠፋ ተጽፏል። ይህ ክፉ ስምም ይቀራል ከሚለው ከሽማግሌዎቹ ተግሣጽ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አያቴ ይህን ስትፈታው፣ የክፉ ሰው ስም በሰው አፍ ይቀር ይሆናል እንጂ በጸሎት የሚያነሣው አይገኝም፤ የጠፋ ስም የሚባለውም እርሱ ነው ትል ነበር። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ እስካሁን አልሰማሁም።

ለእርሷ ስም ማለት በመጀመሪያ በጸሎት የሚጠራ ነገር ነበር። ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እና ደብረ ወርቅ ከየአቅጣጫው ተማሪ ሲሰበስቡ የኖሩ ቦታዎች ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚማረው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጃፉ ሲቆም የሚለው ቃል «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ነው። ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለት ነው። አያቴ ይህን ጥሪ ስትሰማ እጇ ሊጥ ቢሆንም፣ ምጣዱ ቢግልም ሥራዋን አቋርጣ ትነሣ ነበር። ለተማሪ የሚሰጠው እንጀራ ከቤተሰቡ የተረፈ እንዲሆን አትፈቅድም ነበርና፣ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ከሁሉ አስቀድማ አንዱን አጥፋ በሞሰቡ ጠርዝ በኩል ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ተማሪው ተቀብሎ ሲመርቅ «ማን ብዬ ላስብልዎ?» ብሎ ከጠየቃት የራሷን ስም አትነግረውም፤ የሞተችውን የእናቷን የክርስትና ስም ነግራ «እርሷን አስባት» ትለው ነበር። እኔ ቅድመ አያቴን በዓይኔ ባላያትም የክርስትና ስሟን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልማድ ከኪዳን ጋር የተያያዘ ነው። በገድላትና በድርሳናት ለቅዱሳን የተሰጠው ቃል ኪዳን ስማቸውን የጠራውን፣ ዝክራቸውን የዘከረውን የሚመለከት ነው፤ ምእመኑም በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረትን በዓል የሚያከብረው ይህን አስቦ ነው። በተአምረ ማርያም የተጻፈውን የበላዔ ሰብን ታሪክ አያቴ ከቃል እስከ ቃል ታውቀው ነበር። ያ ሰው 78 ነፍስ ካጠፋ በኋላ በእመቤታችን ስም ለለመነው ውሃ ለጠማው ድሃ የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ቀርቦ አዳነው ይላል። ስለዚህ ከደጃፏ ውሃ ለምኖ የተመለሰ ሰው አልነበረም፤ በበጋ ውሃ ከሩቅ ወንዝ በእንስራ በጀርባ በሚቀዳበት ጊዜ እንኳ ይህ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ የክርስትና ስምን ጉዳይ ማንሣት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ከዓለም ስም የተለየ፣ ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሚካኤል እንደሚባለው ያለ ስም ይሰጣል። በጸሎትና በፍትሐት የሚጠራው ይህ ስም ነው። ሰው በገበያና በእርሻ በአንዱ ስሙ ሲጠራ ኖሮ በመቃብሩ አፋፍ በሌላው ይሸኛል። አያቴ ስታርፍ ካህናቱ የክርስትና ስሟን ሲጠሩ፣ ከለቀስተኛው ብዙው ያን ስም የሰማው ገና ያን ዕለት ነበር፤ አልቃሾቹ ደግሞ በዓለም ስሟ እየጠሩ ያበላቻቸውንና ያስታረቀቻቸውን ይቆጥሩ ነበር። አነጋገሩ ለእኔ ሙሉ ትርጉሙን ያገኘው በዚያ ቀን ነው፤ ከመቃብር በላይ የሚውለው አንድ ስም ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያነሣውም ካህን የሚጠራውም ነው፤ በአያቴም ኑሮ ሁለቱ አልተለያዩም።

ከዚያ በኋላ ያለው መታሰቢያ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይቀጥላል። ቤተሰብ ለሟች ጸሎት ማስደረጉና ድሆችን ማብላቱ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በአንዳንድ ቦታ ይህንኑ አነጋገር እየጠቀሱ በሬ አሳርዶ ለተዝካር መበደርን፣ መቃብርን በእብነ በረድ ማሳመርን እንደ ስም ማስጠሪያ የሚቆጥሩ አሉ። ይህ አነጋገሩን መገልበጥ ይመስለኛል። የሚውለው ከመቃብሩ በላይ ያለው ስም ነው እንጂ መቃብሩ አይደለም፤ ስሙንም የሚሠራው ሟቹ በሕይወት ሳለ ነው። አያቴ ልጆቿን ለተዝካሯ እንዳይበደሩ አስምላቸው ነበርና፣ በአርባዋ ቀን የቀረበው በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ፣ ከጓሮም የተገኘ ሽሮ ነበር፤ ካህናትም፣ ተማሪዎችም፣ የኔ ቢጤዎችም በልተው መርቀው ሄዱ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት የልጁን እምነት ሲያወድስ ያ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ሎይድ በመጽሐፍ ቅዱስ የተነሣችው በዚህ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የተነሣችውም በልጅ ልጇ እምነት ምክንያት ነው።

አያቴ በየወሩ በ21 ቀን የምትጠጣው የማርያም ማኅበር ነበራት። ስታርፍ የማኅበሩ ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) ቦታዋ እንዳይፈርስ ጠይቀው እናቴ ተተካች፤ ጽዋውንም እርሷ ትረከባለች። ተራችን የሚደርሰው በኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት ነው። ማኅበርተኞቹ እናቴን በስሟ ቢያውቋትም፣ የወር ተራ ሲቆጥሩ ግን ዛሬም አያቴን አንሥተው «ኅዳር የእምዬ ነው» ይላሉ።