የሮማኒያ ጭፈራዎች በክላሲካል ሙዚቃ

የሮማኒያ የገጠር ጭፈራ የኮንሰርት አዳራሽ የለመደው በተለይ በሁለት የሙዚቃ ደራሲዎች ነው፤ በጆርጄ ኤኔስኩና በቤላ ባርቶክ። ሁለቱም በ1881 ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የትውልድ ቦታቸውም ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ይገኛል፤ ባርቶክ ግን ሀንጋሪያዊ ነው። ከእነሱ ቀደም ብሎ ፍራንዝ ሊስት በሮማኒያ ዜማዎች ላይ የተመሠረተ የፒያኖ ራፕሶዲ (የተለያዩ ዜማዎችን በነፃነት የሚያያይዝ ድርሰት) ጽፎ ነበር።

ኤኔስኩ ሁለቱን የሮማኒያ ራፕሶዲዎች በ1901 ሲጽፍ ዕድሜው ገና ሃያ ገደማ ነበር። በ1903 ቡካሬስት በሚገኘው አቴናየም አዳራሽ ለሕዝብ ቀረቡ። የመጀመሪያው ክላርኔትና ኦቦ እየተቀባበሉ በሚጫወቱት የመጠጥ ዘፈን ይጀምርና የወፍ ጩኸት በሚያስመስለው ቾከርሊያ በተባለ ዜማ ወደ ፍጻሜው ይጋልባል። ይህን ዜማ ብዙዎች የላውታሩ (የሠርግና የድግስ ሙዚቀኛው) የአንገሉሽ ዲኒኩ ነው ይላሉ፤ ከእሱ በፊትም ነበረ የሚሉ አሉ። ራፕሶዲዎቹ ሌሎች ሥራዎቹን ስለሸፈኑበት ኤኔስኩ በኋላ ቅር ይለው ነበር።

ባርቶክ የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። የኤዲሰን ፎኖግራፍ (የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ) ይዞ ያኔ በሀንጋሪ ሥር በነበረችው በትራንሲልቫኒያ መንደሮች እየዞረ ገበሬዎች የሚጫወቱትን በሰም ሲሊንደር ላይ ቀረጸ፤ ከዚያም ድምፅ በድምፅ በኖታ አሰፈረ። የሰበሰባቸው የሮማኒያ ዜማዎች ከ3,000 በላይ ናቸው። በ1915 ከእነዚህ ሰባቱን መርጦ ስድስት አጫጭር የፒያኖ ቁራጮች አደረጋቸው፤ የመጨረሻው ቁራጭ ሁለት ዜማ ስለያዘ ነው ቁጥሩ የማይገጥመው። ሥራውን ያበረከተው በቢዩሽ ከተማ አስተማሪ ለነበረውና ዜማ ሲሰበስብ ለረዳው ለዮን ቡሺጺያ ነው።

ስድስቱም ተጫውተው ሲያልቁ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። መነሻው የዱላ ጭፈራ ሲሆን ባርቶክ የሰማው ከሁለት የሮማ ሕዝብ (ጂፕሲ) ቫዮሊን ተጫዋቾች ነው። ሁለተኛው የመቀነት ጭፈራ ነው። ሦስተኛው «ባሉበት» ይባላል፤ ጨፋሪው ከቆመበት አይነቃነቅም፣ ዜማውም እንደዚያው ነው። ግራ እጅ አንድ ቦታ ላይ ሲያንጎራጉር፣ ቀኙ ከላይ በጠባብ ክልል እንደ እረኛ ዋሽንት ይዞራል። አራተኛው በቀስታ በሦስት ምት ይሄዳል። አምስተኛው ፖልካ ግን ሁለት ምት፣ ሁለት ምት፣ ከዚያ ድንገት ሦስት ምት ነውና፣ በእግሩ ምት የሚቆጥር አድማጭ መሳቱ አይቀርም። መዝጊያው ፈጣኑ ጭፈራ ነው፤ አጫጭር እርምጃዎች ናቸው፣ እየፈጠኑ ይሄዳሉ።

የሥራው የቀድሞ ርዕስ «ከሀንጋሪ የተገኙ የሮማኒያ ጭፈራዎች» የሚል ነበር። ትራንሲልቫኒያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሮማኒያ ስትሆን «ከሀንጋሪ የተገኙ» የሚለው ወጣ። በ1920 ባርቶክን ስለ ሮማኒያ ሙዚቃ በመጻፉ የገዛ አገሩ ሰዎች አገሩን እንደካደ አድርገው ወቀሱት፤ እሱ ግን መሰብሰቡም ማጥናቱም ሙያው እንጂ ፖለቲካው አልነበረም።

በ1917 ራሱ ባርቶክ ለአነስተኛ ኦርኬስትራ አቀናበረው፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዞልታን ሴኬይ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ለቫዮሊንና ለፒያኖ። አሁን በብዛት ከሚሰሙት አንዱ የሴኬይ ነው፤ «ባሉበት»ን በፉጨት መሰል ቀጭን ድምፅ ማስጫወቱ ለቫዮሊን ይስማማል። ቢሆንም የመጀመሪያው የፒያኖ ጽሑፍ ቁጥብነት ለመንደሩ ድምፅ ይቀርባል።

ከሌሎቹ የግሪጎራሽ ዲኒኩ «ሆራ ስታካቶ» (1906) ይጠቀሳል፤ ግሪጎራሽ የአንገሉሽ የልጅ ልጅ ሲሆን፣ ድርሰቱን ቫዮሊን ተጫዋቹ ያሻ ሃይፌትዝ አቀናብሮ በዓለም መድረኮች አስለመደው።